ከዛፍ እስከ ገበያ፦ ለማንጎ ዕድሜ የሚጨምሩ ደቃቅ ቅንጣቶች

ፍራፍሬ በሚመረትባቸው አካባቢዎች የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚገባ እንደሚያውቁት፣ ማንጎ አምራቹን የሚጎዳው የምርት ማነስ ብቻ አይደለም። ፍሬው በአንድ ሰሞን ይደርሳል። ነጋዴውም ማንጎ እንደ በቆሎ በጎተራ እንደማይቀመጥ ስለሚያውቅ፣ ሳይቸኩል ጠብቆ ዋጋ ይጥላል። ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ባለው ጉዞ የሚጨፈለቀውና የሚበሰብሰው ሲታከልበት፣ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከንቱ ይቀራል።

በዚህ ረገድ በምግብ ኢንዱስትሪ ውስጥ እየተስፋፋ የመጣው ናኖቴክኖሎጂ ለገበሬው ምን ይፈይዳል የሚለው ጥያቄ ሊመረመር የሚገባው ነው። ናኖሜትር ማለት የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የአንድ ጸጉር ውፍረት በግምት 80,000 ናኖሜትር ይሆናል። አንድ ነገር እስከዚህ ድረስ ሲደቅ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። ከውኃ ጋር የማይዋሃደው ተበታትኖ ለመረጨት ይመቻል፤ ቶሎ የሚተነውም ቀስ እያለ እንዲወጣ ይደረጋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ሄክሳናል የተባለው ንጥረ ነገር ነው። እፅዋት ራሳቸው ይሠሩታል፤ ሣር ሲታጨድ የሚሸተው ሽታ በከፊል የእርሱ ነው። ፍሬ ሲበስል የሕዋሳቱን ሽፋን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ፤ ሄክሳናል ይህን ስለሚገታ ፍሬው ቶሎ አይለሰልስም። ነገሩን ያጠኑት በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በካናዳ መንግሥት ገንዘብ ከህንዱ የታሚል ናዱ እርሻ ዩኒቨርሲቲና ከስሪ ላንካ ባለሙያዎች ጋር ሠርተውበታል፤ ኋላም ኬንያና ታንዛኒያ ተጨምረዋል። ማንጎው ከመለቀሙ አስቀድሞ ሲረጭ፣ ዛፍ ላይ እንዳለ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ እንደቻለ ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል። በስሪ ላንካ ደግሞ ከሙዝ ግንድ ቃጫ የፍሬ መጠቅለያ ተሠርቷል። ተቆርጦ የሚጣለው ግንድ ለዕቃ መዋሉ በእኛም ሙዝ አብቃይ ወረዳዎች ሊታሰብበት ይገባል።

ይሁንና የተገኘው ሦስት ሳምንት ገንዘብ የሚሆነው ለማን ነው? የአንድ ቀበሌ ገበሬ ሁሉ በአንድ ቀን ቢረጭ፣ የምርቱ መትረፍረፍ ከአንዱ ሳምንት ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ነጋዴውም የሚጠብቀው ያንኑ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ከፊሉ ማሳ ተረጭቶ ከፊሉ ሳይረጭ ሲቀርና ለቀማው በተራ ሲሆን ነው። ይህን ተራ ማውጣት ደግሞ አንድ ገበሬ ብቻውን የሚያደርገው ስላልሆነ የማኅበሩ ሥራ ነው። ማንን አስቀድሞ ማንን ማስከተል እንደሚገባ መወሰን ጭቅጭቅ እንደሚያስነሳም አይካድም።

ሌላው የጤና ጉዳይ ነው። ደቃቅ ሁሉ ደህና አይደለም። ከረሜላንና ማስቲካን ለማንጣት የሚጨመረውና ኢ 171 የሚባለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከቅንጣቶቹ ከፊሉ በናኖ መጠን የሚገኝ ነው። ፈረንሳይ ከጥር 2020 ጀምሮ በምግብ ውስጥ እንዳይገባ አገደችው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም በ2021 በዘር ውርስ ላይ ጉዳት አያደርስም ለማለት እንደማይቻል ስለገለጸ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ከለከለው። ሆን ተብለው በናኖ መጠን የተሠሩ የምግብ ቅመሞችም ከ2014 መጨረሻ ወዲህ በዚያ ገበያ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፉ ሕግ ያስገድዳል። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ማኅበር ይህን ከወዲሁ ማወቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ አንድ ሻጭ «ናኖ ነው» ብሎ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ፣ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ፣ በአገራችን ተመዝግቦ መፈቀዱን፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚለቀም በጽሑፍ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ዋጋውም ቢሆን የሚመዘነው ሦስቱ ሳምንት በኪሎ ከሚጨምሩት ገንዘብ ጋር ነው፤ ለዚህም በጥቂት ዛፎች ላይ ሞክሮ፣ ያልተረጩትን ከጎናቸው ትቶ ማነጻጸር ይበቃል።