«የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሕዝብ ምን ተመለሰለት?

የኢትዮጵያ ሕዝብ ለዕውቀት ያለውን አክብሮት «የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን አባባል ያህል አጉልቶ የሚያሳይ ቃል አይገኝም። ገበሬው ከጎተራው ቀንሶ ልጁን ትምህርት ቤት ሲልክ፣ እናት ዶሮዋን ሸጣ ደብተር ስትገዛ፣ በዚህ አባባል ውስጥ ያለውን እምነት በተግባር እየገለጹ ነው። እምነት ደግሞ አደራ ነው፤ አደራም ተቀባይ አለው። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖረው ሕዝብ አደራውን ሰጥቷል። የሚጠየቀው እንግዲህ አደራውን የተቀበለው ምሁር ነው።

ለመሆኑ ባለዲግሪው ዲግሪ የሌለውን ይንቃልን? ጥያቄው ሲቀርብለት ብዙው ምሁር «እንዴት ተደርጎ! እኔስ የገበሬ ልጅ አይደለሁምን?» ሲል ይመልሳል። መልሱ ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ንቀት ዘወትር በስድብ አይገለጽም። በገጠር ቀበሌ ስብሰባ ላይ ጥቂት ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል። ትናንት የተመረቀው ወጣት ባለሙያ አባቱ የሚሆነውን ሽማግሌ «አንተ» ይለዋል፤ ሽማግሌው ወጣቱን «እርስዎ» ይለዋል። አንዱ ወንበር ላይ፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ያስረዳል፤ ከሌላው የሚጠበቀው «ገብቶኛል» ማለት ብቻ ነው። በመጨረሻም «ጥያቄ ያለው አለ?» ይባላል። «እናንተስ በዚህ ነገር የምታውቁትን ንገሩን» የሚል ባለሙያ ግን ከስንት አንድ ነው። በአማርኛ አንቱታ ለዕድሜና ለክብር የሚሰጥ ሆኖ ሳለ ለወረቀት ብቻ የተሰጠ ዕለት፣ ንቀቱ ከሰዋስው ገብቷል ማለት ነው።

ቋንቋው ራሱ በሌላም በኩል ይመሰክራል። ዛሬ ሰው የሚሰደብበት «መሃይም» የሚለው ቃል ምንጩ የግዕዙ «መሃይምን» ነው፤ ትርጉሙም ያመነ፣ ታማኝ ማለት ነው። ክህነት የሌለውን ምእመን ያመለክት የነበረው ቃል ውሎ አድሮ ፊደል ያልቆጠረ ሰው መስደቢያ ሆነ። «ባላገር»ም እንዲሁ ነው። ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት ሆኖ ሳለ በከተሜው አፍ መሳቂያ ተደረገ። የታመነበትን አደራ የረሳ ሰው፣ ያመነውን «መሃይም»፣ አገሩን የያዘለትንም «ባላገር» ብሎ ቢሰድብ አያስደንቅም።

የንቀቱ ሥር ዲግሪውን የዕውቀት ሁሉ ድንበር አድርጎ ማየት ነው። በጎንደር ምድር ይህ አስተሳሰብ ከሌላው ይልቅ ነውር ነው። ከዜማ እስከ ቅኔ፣ ከቅኔ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ፣ በኮቾሮ እየኖረ ዕድሜውን በትምህርት የጨረሰ መምህር «ዲግሪ የለውም» ይባል ይሆናል እንጂ «አልተማረም» ሊባል አይችልም። ከጉባኤ ቤት ውጭ ያለውስ?

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። በ1996 አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ቀይ ቀበሮ የጻፈ ተመራማሪ ብቻውን ገደል አልወጣም። ዋልያው በጠዋት በየትኛው ገደል እንደሚሰማራ የሚያውቀው ስካውት ከፊቱ ሄዷል፤ ጭነቱን የአካባቢው ሰው በበቅሎ አድርሶለታል። ጥናቱ ሲታተም የማን ስም ከላይ ይውላል? የማንስ ስም ከነጭራሹ ይቀራል? እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ሠፈሩ። የእነዚህ ሰዎች የደጋ ዕውቀት፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ሣሩና ስለ ገብሱ የሚያውቁት ሁሉ፣ ከተማ ሲገቡ ምን ተብሎ ተመዘገበ? በመጠይቁ ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ሣጥን ውስጥ «ያልተማረ» የሚል ምልክት ሲደረግ፣ ያ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ጭረት ተሰርዟል።

ዳባትም ምስክር ናት። የጎንደር የሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያ ወረዳ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ማዕከል ከመሠረተ ወዲህ፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን መዝግበዋል። ሰው በቤቱ ሲሞት የሞቱ ምክንያት የሚታወቀው ቤተሰቡ ተጠይቆ ነው። ሕመሙ መቼ ጀመረው? አተኮሰው? ሳለ? እናት ወይም ሚስት ያየችውን ትናገራለች፤ ሐኪሞች ከዚህ ቃል ተነሥተው ምክንያቱን ይወስናሉ። ያቺ ሴት ፊደል አልቆጠረች ይሆናል። ይሁንና አስተውሎቷ ባይኖር የሐኪሙ ቅጽ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ጥናቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ታትሞ ዓለምን ይዞራል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲፈተን «ውጤቱ ለተጠየቁት ሰዎች በቋንቋቸው ተመለሰላቸው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነጥብ አያሰጥም። ተናጋሪዋ የራሷን ቃል መልሳ የማታገኝበት ሥርዓት፣ በውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ትሑት ቢሆን እንኳ፣ በአሠራሩ ናቂ ነው።

ከዚህ ሰፋ ያለውን ዓለም ለማየት ስሜን የሚያበቅለውን ገብስ መጥቀስ ይበቃል። ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የካሊፎርኒያን አዝመራ ባስጨነቀ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዘር ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብሶች ነበር። ያንን ዘር በሺህ ዓመታት ውስጥ እየመረጠ ያቆየው ገበሬ ነው። ይህን በቅጡ ከተረዱት ምሁራን አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በአሜሪካ ተምረው የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙት እኒህ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ገበሬውን የዘር ጠባቂና የሥራ ባልደረባ አድርገው ከእርሱ ጋር ሠሩ፤ ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። መማር ከገበሬ ጎን ከመቀመጥ እንደማያግድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ተቃውሞ የሚያነሣ ይኖራል። «ታዲያ አላዋቂነትን እናወድስ? እንጥል ማስቆረጥን፣ ሴት ልጅን በለጋ ዕድሜዋ መዳርን ባህል ነው ብለን እንለፍ?» ይላል። ከቶ አይደለም። ጎጂውን ጎጂ ማለት የምሁር ግዴታ ነው። ነገር ግን ጎጂ ልማድ በንቀት ተሸንፎ አያውቅም፤ የተናቀ ሰው ትክክለኛውን ምክር እንኳ ከተናጋሪው ጋር አብሮ ይጥለዋል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጠነው ገጠር ወርደው ከሕዝቡ መካከል እንዲሠሩ ነበር። በዚያ ሥራ ትንሽም ብትሆን መግቢያ በር የሚከፈተው በዲግሪ አይደለም፤ ቡና ጠጥቶ፣ ሐዘን ደርሶ፣ ሕመምተኛን ጠይቆ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ «የሚናቀውስ ባለዲግሪው ነው» የሚል ነው። ሥራ አጥቶ ወላጆቹ ቤት የተመለሰውን ተመራቂ «ተምሮ ምን አመጣ!» የሚሉት መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ይህም የዚያው ንቀት ልጅ ነው። ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ «ተማር፣ ከዚህ ጭቃ ትወጣለህ» ተብሎ አድጓል። ትምህርት ከአባቱ ማሳ መሸሻ እንጂ ማሳውን ማወቂያ ተደርጎ አልተነገረውም። ስለዚህ ወደ ማሳው ሲመለስ እርሱም ያፍራል፣ ጎረቤትም ይሥቅበታል።

የአገሪቱ ታሪክ ምሁሩን ወደ ገጠር ለመላክ ችግር ኖሮበት አያውቅም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘምተዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ብዙ አረጋዊ ስሙን መጻፍ የቻለው በዚያ ዘመቻ ነውና ውለታው አይካድም። ሆኖም የዘመኑ ተወዳጅ ቃል «ማንቃት» ነበር። የሚነቃው የተኛ ነው። ለጎህ የሚነሣን ገበሬ እንደ ተኛ የሚቆጥር ካድሬ፣ ትናንትም ሆነ ዛሬ፣ ቀድሞ ራሱ ይንቃ።

የኪነ ጥበብ ሰውም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። በመድረክ ላይ ገበሬ ሲወጣ አነጋገሩ ለሣቅ፣ አለባበሱ ለሣቅ፣ ግራ መጋባቱ ለሣቅ የሚሆንበት ትያትር እጅግ በዝቷል። መንግሥቱ ለማ ግን ለንደን ተምረው የተመለሱ ሲሆኑ፣ ዲግሪ የሌላቸውን ሊቅ አባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ለንባብ አበቁ። ልጅ ጸሐፊ፣ አባት ተናጋሪ ሆነው የተገኙበት ያ መጽሐፍ ምሁር በማን እግር ሥር መቀመጥ እንዳለበት ያሳያል።

ደባርቅ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ለምረቃ የሚዘጋጀው ወጣት ከደጁ ያለው ሕዝብ ምን እንደሚያውቅ ሳይጠይቅ ቢወጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ከተራራው ሥር መሠራቱ ትርጉም የለውም። የሚፈለገው ብዙ አይደለም። የተጠየቀ ሰው መልሱን በአማርኛ ይስማ። መንገድ የመራ፣ ዘር ያቆየ፣ ምስክርነት የሰጠ ሰው፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ስሙ ከጥናቱ ጋር ይጻፍ። መምህር ተማሪውን «አባትህ የሚያውቀውን ጽፈህ ና» ብሎ ያሰናብት። ደራሲም የመንደሩን ሰው እንደሚያስብ ሰው አድርጎ ይቅረጽ። ባለሙያም ሽማግሌውን «እርስዎ» ይበል።

«የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሕዝብ ሞቱን እንኳ ለተማረው አምኖ ሰጥቷል። ቢያንስ አንቱታውን ያግኝ።