አንበሳው መምህር

ተማሪ ሳለን የሒሳብ መምህራችን ባለ ጥምጣም ህንዳዊ ነበሩ። «ሚስተር ሲንግ» እንላቸዋለን። አንዱ ደፋር ልጅ የአባትዎ ስም ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሳቁና «አይደለም፣ አንበሳ ማለት ነው» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ማርክ ሲሰጡ ስሙ ይገባቸው ነበር።

ቃሉ ከሳንስክሪቱ «ሲምሃ» የመጣ ነው። (የሲንጋፖርም ስም የበቀለው ከዚሁ ሥር ነው።) የህንድ የራጅፑት ጦረኞች ከሲኮች (የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) ቀድመው ይጠሩበት ነበር፤ የተራው ሰው ስም ያደረገው ግን በፈረንጆች 1699 አናንድፑር ላይ የሆነው ነገር ነው። በሲኮች ትውፊት አሥረኛው ጉሩ (የሃይማኖት መሪ) ጎቢንድ ራይ ሰይፍ መዘው ሕዝቡ ፊት ቆሙና አንገቱን የሚሰጥ ሰው ጠየቁ። አምስት ሰዎች ተራ በተራ ተነሡ፤ ውኃ ቀጂና ፀጉር ቆራጭ ነበሩባቸው። ጉሩው በሰይፍ ያማሰሉትን የስኳር ውኃ ከአንድ የብረት ዕቃ አጠጧቸው። ማን ከማን ጋር ይጠጣል የሚለው በካስት፣ ማለትም በትውልድ መደብ፣ በሚወሰንበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ራሳቸው ጉሩው ከአምስቱ እጅ ጠጡና ጎቢንድ ሲንግ ተባሉ። ወንዱ ሁሉ ሲንግ፣ ሴቷ ሁሉ ካውር ከሆኑ በስም ብቻ ወገንን መለየት ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ስሙ በእንግሊዝ ጦር፣ በዩጋንዳ ባቡር ሐዲድ ሥራ፣ በሸንኮራ እርሻ ኮንትራት ባሕር ተሻገረ። ጎልፍ ተጫዋቹ ቪጄይ ሲንግ ፊጂ የተወለደ ነው፤ ሲክም አይደለም።

የሁሉም የሆነ ስም ግን ለቢሮ ጸሐፊ ራስ ምታት ነው። ዴልሂ ያለው የካናዳ ቪዛ ክፍል ሲንግ ወይም ካውር ብቻ ብለው የሚያመለክቱትን ሌላ የቤተሰብ ስም አምጡ ሲል ቆይቶ፣ ጩኸት ሲበዛበት በፈረንጆች 2007 ተወው። ብዙዎች የመንደራቸውን ስም ይቀጥላሉ፤ የፑንጃብ መሪ የነበሩት ፓርካሽ ሲንግ «ባዳል» ያሉት መንደራቸውን ነው። ሌሎች ጊል፣ ሳንዱ እያሉ የጎሳ ስም ይደርባሉ። እንዲህ ሲሆን ጉሩው በፊት በር ያስወጡት ወገን በጓሮ ይገባል ባይ ነኝ።

እኛስ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን ላይ ስንቴ እስክሪብቷችን ቆሟል? የስም ነገር ሩጫ ሜዳ ድረስ ይከተለናል። በፈረንጆች 1960 የሮም ኦሊምፒክ ህንዳዊው ሯጭ ሚልካ ሲንግ በ400 ሜትር አራተኛ ወጣ። በዚያው ኦሊምፒክ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ያሸነፈውን አበበን ፈረንጆች እስከ ዛሬ «ቢቂላ» ይሉታል፤ የሮጡት አባቱ ይመስል።