የቆጋ ውሃ ከቦዩ ጫፍም ይድረስ

የአባቴ ማሳ መራዊ አጠገብ፣ ከቆጋ ግድብ በታች፣ ከቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። የካቲት ላይ ልጠይቃቸው ሄጄ እኩለ ሌሊት ላይ ባትሪና አካፋ ይዘን ወጣን፤ ተራው የእሳቸው ነበር። ቦዩ ውስጥ የነበረው ውሃ ቁርጭምጭሚቴን አልሸፈነም። አባቴ ጎንበስ ብለው የስንዴውን ሥር በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉ፤ አፈሩ ደረቅ ነው። «ከላይ ቀርቷል፣ ልጄ» አሉኝ።

ቆጋ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝና 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የታቀደ ግድብ ነው። ከዋናው ቦይ ሥር የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች አሉት። ሌሊት የሚወርደው ውሃ እዚያ ያድራል፣ ገበሬው ቀን ያጠጣበታል። ድንቅ አሠራር ነው። እንግዲህ የ70 ዓመት ሰው በእኩለ ሌሊት ውሃ ፍለጋ ከተንከራተተ፣ የሆነ ቦታ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

በማግስቱ ቦዩን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ደለሉ ላይ ሣር በቅሏል፤ አንዱ የብረት መዝጊያ ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ሁለት ቦታ ላይ ግንቡ ተሰንጥቆ ውሃው ወደ ባሕር ዛፍ ይፈሳል።

ለአዲስ ግድብ ሪባን ከመቁረጥ በፊት ለዚህ መዝጊያና ለዚህ ስንጥቅ በጀት ይያዝ። ከግድቡ በላይ ያለው ተራራም እርከን ይሠራለት፤ ደለሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። የማጠጫው ተራ ደግሞ በመጪው በጋ ከጫፍ ይጀመር። የላይኞቹ ጎረቤቶቻችን ውሃው በደጃቸው ስለሚያልፍ ጥቂት ቀን ቢጠብቁ ሰብላቸው አይሞትም።

አባቴ ዘንድሮም ያንኑ ማሳ አርሰዋል።