አሮጌ መኪናን መውደድ ማለት መጠገን ነው

«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» የሚለው የአባቶች ቃል ለልብስና ለዳኝነት የተነገረ ቢሆንም፣ በዘመናችን ለመኪናም ያገለግላል። አያያዝ የሚያውቅ ሰው ሃምሳ ዓመት ያለፋትን መኪና በመንገድ ላይ ሲያኖር፣ አያያዝ የማያውቀው ደግሞ አምና የገዛትን ዘንድሮ ከጋራዥ አጥር ሥር ያቆማታል። ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው። ይኸውም በብዙ ቤተ ሰብ ደጃፍ ቆማ የምትታየው፣ አንድ ቀን እሺ ብላ በማግሥቱ እምቢ የምትለው፣ ባለቤቶቿ ግን እያማረሯትም ሊለዩዋት የማይወዱት የአሮጌዪቱ መኪና ነገር ነው።

አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ መኪና በአገራችን ጥቂት ዓመት ተነድቶ የሚጣል ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ እኅት ልጅ እንደ ርስት ሲተላለፍ ኖሯል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የምትሆነው ፎልክስዋገን፣ ሕዝቡ በቁልምጫ «ቮልስ» የሚላት ትንሽ መኪና ናት። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዪቱ በ1995 ዓ.ም. ክረምት ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ አልተሠራችም። በእኛ አገር ጎዳና ግን መሠራቷ ከቀረ በኋላም መታየቷን አላቋረጠችም። የታሪክም ድርሻ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት በዚህችው መኪና ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያደገው እንፍራንዝ ነው። እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ አዘዞንና ማክሰኚትን ካለፉ በኋላ የምትገኝ፣ በአቅራቢያዋ ባለው ኮረብታ ላይ የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ የቆመባት ከተማ ናት። አያቴ መምህር ነበሩ። ቮልሷን ያገለገለች ሆና ጎንደር ከሚኖር ሰው ገዝተው አመጧት፤ ከእሳቸውም ወደ አባቴ ተላለፈች። ቀለሟ በመጀመሪያ ሰማያዊ እንደ ነበረ ይነገራል እንጂ እኛ ልጆቹ ስንደርስ ግማሹ ላሜራ፣ ግማሹ ስቱኮ ነበር። ስሟ «እመይቴ» ነው። ስሙን ያወጡላት አባቴ ናቸው፤ ሲሻት የምትሄድ፣ ሲሻት የምትቀመጥ፣ ማንም የማያዛት ወይዘሮ ናት ብለው ነው። ጧት ጧት ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት በአንቱታ «እመይቴ፣ እንዴት አደሩ?» ይሏት ነበር። መልሱ እንደ ቀኑ ይለያያል።

ማታ ስትቆም አፍንጫዋ ሁልጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ነው። ከጎማዋ ሥር አንድ ደህና ድንጋይ ታኮ ይደረጋል። ሞተሪኖው እምቢ ያለ እንደ ሆነ ድንጋዩ ይነሣል፤ መኪናዪቱ ቁልቁል ትንደረደራለች፤ አባቴም በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርጉ ሞተሩ እያጉረመረመ ይነሣል። ቁልቁለቱ ካልበቃ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይጠራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እውነት መሆኑን እኛ በትምህርት ቤት ሳይሆን በእመይቴ ጀርባ ላይ እጃችንን ጭነን ተምረነዋል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለችው መኪና የምትቆመው በክፋት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ አመሏ ምክንያት አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በከፍታ ቦታ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ይህን የመሰለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ 40 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ጎንደር ስትደርስ የሚቀራት 32 ያህል ነው። ካርቡራተሯ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ጥቁር ጢስ ታወጣለች፤ ካንዴላዋም በጥላሸት ይደፈናል። ሰው «ሰነፈች» ይላታል እንጂ እርሷስ የተነፈገችው ትንፋሽ ነው።

የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ውሃ አይፈልግም። እኛ ግን ጎንደር በሄድን ቁጥር አንድ ጀሪካን ውሃ እንይዝ ነበር። በበጋ ቀትር ቤንዚኑ ከመንገዱ ሳይወጣ በሙቀት ይፈላና ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የቤንዚን ፓምፑ የሚገፋው ያጣና መኪናዪቱ ትቆማለች። መድኃኒቱ ጨርቅ አርጥቦ በፓምፑ ላይ አድርጎ፣ ጥላ ፈልጎ ዐረፍ ማለት ነው። እናቴ ዳቦውን የሚቆርሱት በዚህ ጊዜ ነበርና፣ እኛ ልጆቹ ብልሽቱን እንደ በዓል እንጠብቀው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የቺንጋው መበጠስ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረውና ማቀዝቀዣውን የሚነዳው ያው አንድ ቺንጋ ስለ ሆነ፣ ቀይዋ መብራት የበራች እንደ ሆነ ወዲያው መቆም ግድ ነው። «ትንሽ ልሂድ» ያለ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ በእግሩ ይመለሳል።

አንባቢ እስካሁን የጠቀስናቸውን ስሞች ልብ ይሏል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ላሜራ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያንኛ ቃሎች ናቸው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ሲቆይ ለወታደሩና ለጭነቱ ብሎ መንገድ ጠረገ፤ ካሚዮን አመጣ። እርሱ ተባርሮ ሄደ፤ መንገዱና ቃሉ ግን ቀሩ። ኢትዮጵያዊው መካኒክም ቃሉን ከነመፍቻው ወርሶ የራሱ ሙያ አደረገው። አብዛኛው መካኒክ ይህን ጥበብ የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በልጅነቱ ካቻቢቴ እያቀበለ፣ በዘይት እየጨቀየ፣ ሞተሩን በጆሮው እያዳመጠ ነው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ባይኖሩ ኖሮ የአገራችን አሮጌ መኪናዎች ገና ድሮ ብረት ሆነው በቀለጡ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። «ይህን ሁሉ ከመታገል ሸጦ መገላገል አይሻልምን?» የሚሉ አሉ። ከሒሳብ አንጻር አነጋገራቸው ዘበት አይደለም፤ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ተደምሮ ቢታይ ብዙ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ይረሳሉ። አንደኛው፣ በትንሽ ከተማ ውስጥ የአንድ ቤተ ሰብ መኪና የቤተ ሰቡ ብቻ አለመሆኗ ነው። በእመይቴ ሙሽራ ተጉዞባታል፤ በእርሷ ምጥ የያዛት ጎረቤት በሌሊት ወደ ሐኪም ደርሳለች፤ የቀብር ድንኳን በጣሪያዋ ላይ ታስሮ ሄዷል። ለአምስት ሰው የተሠራች ስትሆን ዘጠኝ የጫነችበትም ቀን ነበር። ይህ የሚመሰገን ባይሆንም፣ ያን ጊዜ ሌላ መኪና በአቅራቢያው አለመኖሩን ያስረዳል። ሲገፏት የነበሩት ሰዎችም ለአባቴ ውለታ መዋላቸው ብቻ አልነበረም፤ የራሳቸውን መኪና መግፋታቸው ነበር።

ሁለተኛው፣ ሸጦ ሌላ መግዛት እንደ አፍ የማይቀል መሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ እንደ መኪናው ዕድሜ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። የዚህ ውሳኔ ዓላማ ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብና አየሩን ከጢስ ለመጠበቅ ነው። ዓላማው መልካም ሆኖ ሳለ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው በእጁ ያለችውን አሮጌ አጥብቆ መያዙ የማይቀር ነው። እንግዲህ አሮጌዪቱ መኪና ወደድንም ጠላንም ለብዙ ዓመት አብራን ትኖራለች። ጥያቄው «ትኑር ወይስ አትኑር?» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ትኑር?» የሚለው ሆኗል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፍቅር ብቻውን መኪና አያቆምም፤ መኪና የሚያቆመው ፍሬን ነው። አንድ ቀን ከጎንደር ወደ እንፍራንዝ ስንመለስ ረዘም ያለ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ሰምጦ ቀረ። አባቴ ቃል ሳይናገሩ ማርሹን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ አወረዱ፤ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ እየሳቡ መኪናዪቱን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ቁልል አስጠጉ። በመኪናው ውስጥ ስድስት ነበርን። ሁላችንም በሕይወት ወረድን። በኋላ ሲመረመር፣ ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ጋራዥ የፍሬኑን ዘይት ለውጫለሁ ብሎ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ አሮጌውን ዘይት እንዳለ ትቶት ኖሯል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነገር ነው። በዓመታት ውስጥ ውሃ ይቀላቀልበታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገም የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ እንደ ዘይት ኀይል አያስተላልፍም። ስለዚህ ነጂው ይረግጣል፤ መኪናው ግን አይሰማም። ይህን አደጋ ለመከላከል የሚያስፈልገው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ዘይቱን መለወጥና በቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ብቻ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ አይደለምን?

ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴ አንድ ሕግ አወጡ። ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና መብራት ሳይታዩ እመይቴ ከደጅ አትወጣም። ቀለሙ ቢላላጥ፣ በሩ በገመድ ቢታሰር፣ ወንበሩ ቢቀደድ ግድ የለም፤ እነዚህ አራቱ ግን ይቅርታ አያውቁም። የተለወጠው ዕቃ ሁሉ ከነቀኑ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ተገዛ። የሚለወጠውም ዕቃ በዐይናቸው ፊት እንዲለወጥ፣ አሮጌውም በእጃቸው እንዲሰጥ ያደርጉ ጀመር። ባለጋራዦቹ በመጀመሪያ ተቀየሟቸው፤ ቆይተው ግን አከበሯቸው።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። የአሮጌ መኪና ባለቤት ሆይ፣ ፍቅርህን በመስተዋቱ ላይ በምታንጠለጥለው ጌጥ ሳይሆን በፍሬኑ ሸራ ግለጸው። መካኒክ ሆይ፣ የተቀበልኸው ገንዘብ የዕቃ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሰው ነፍስ አደራ ነው፤ አደራ የበላ ሰው ደግሞ በባህላችን ምን እንደሚባል ታውቀዋለህ። በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ አድርጋችሁ ቦሎ እንዲለጠፍ የምትፈቅዱም፣ ወረቀቱን ሳይሆን መኪናውን መርምሩ። ያልታየ ፍሬን ታይቷል ብሎ የሚፈርም እጅ በቁልቁለት ላይ ለሚደርሰው ነገር ተጠያቂ ነው።

ለሙያ ትምህርት ቤቶቻችንም አንድ ቃል አለን። የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን መጣ ተብሎ የጥገና ሙያ ሊናቅ አይገባውም። የኤሌክትሪክ መኪናም ፍሬን አላት፤ ጎማ አላት፤ መሪ አላት፤ ባትሪዋም ጠባቂ ይሻል። በጆሮው ሞተር የሚያዳምጠው አዛውንት መካኒክ በመለኪያ መሣሪያ ከሚሠራው ወጣት ጋራ በአንድ ጋራዥ ቢገናኙ፣ አንዱ ልምዱን ሌላው ትምህርቱን ቢያካፍል፣ የሚጠቀመው አገር ነው። ዛሬ አዲስ የምንላት መኪና ነገ አሮጌ መሆኗ አይቀርምና፣ አሮጌውን መንከባከብ ያልተማረ ሕዝብ አዲሱንም አያቆየውም።

ግንብ እንኳ ያለ ጠጋኝ እጅ ዘመን አይሻገርም፤ ድንጋዩ የቱንም ያህል ቢጠነክር ኖራው ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። ከቀጭን ላሜራ የተሠራች መኪናማ ምን ያህል ጠጋኝ እጅ ትሻ! አባት ለልጁ አሮጌ መኪና ሲያወርስ የሚያወርሰው ብረት ብቻ አይደለም። የሰውን ነፍስ የመጠበቅ ግዴታ ከቁልፉ ጋራ አብሮ ይሰጠዋል። ቁልፉን የተቀበለ ሁሉ ግዴታውንም ይቀበል።