ትንሽ ቁስልና የሚደክም መድኃኒት

በ1933 ዓ.ም. የካቲት 5 ቀን በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ አልበርት አሌክሳንደር ለተባለ ፖሊስ ፔኒሲሊን በመርፌ ተሰጠው። ሰውየውን ከሞት አፋፍ ያደረሰው ፊቱ ላይ የነበረ ትንሽ ቁስል ነው፤ በቁስሉ የገቡት ተሐዋስያን መግል ቋጥረው አንድ ዓይኑን አሳጥተውታል። መድኃኒቱን እንደ ጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ በረደ፤ ምግብም ቀመሰ። ዳሩ ግን ፔኒሲሊኑ አለቀ። ሐኪሞቹ ከሽንቱ እየለዩ መልሰው ቢሰጡትም አልበቃውምና መጋቢት 6 ቀን ሞተ።

ያን ጊዜ የጎደለው የመድኃኒቱ ብዛት ነበር። ዛሬ የሚያሰጋን ደግሞ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ሞልቶ ሳለ ኃይሉ መድከሙ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1938 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት በተቀበለ ጊዜ፣ መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ተሐዋስያኑን ሳይገድል መቋቋምን ያስተምራቸዋል ሲል አስጠንቅቆ ነበር። ነገሩም እንዳለው ሆነ። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒትን በተቋቋሙ ተሐዋስያን ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል። ስለዚህም በመስከረም 2017 ዓ.ም. መንግሥታት በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተሰብስበው፣ ከዚህ ጋር የተያያዘውን ሞት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከመቶ 10 እጅ ለመቀነስ ተስማምተዋል።

ይሁን እንጂ የጉባኤው ቃል የሚፈጸመው በየሰፈሩ ነው። በአገራችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንክብል ገዝቶ፣ ሽፋኑን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስ ሰው አለ፤ ሕመሙ ቀለል ሲልለትም የተረፈውን ለጎረቤት የሚያካፍል አለ። የተነሰነሰው ዱቄት በሥጋ ውስጥ ጠልቆ ከገባው ተሐዋስ ዘንድ በበቂ መጠን አይደርስም። ሆኖም ሐኪም ቤት በራቀበት፣ የቀን ደመወዙም ለምርመራ በማይበቃው ሰው ላይ ብቻ መፍረድ አይገባንም። ያለ ትእዛዝ የሚሸጠው ነጋዴና ይህን የሚቆጣጠረው ክፍልም ተጠያቂዎች ናቸው።

እስከዚያው ድረስ ግን ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ቀላል ነው። ቁስል ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ቅላቱና እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳት ከተከተለ፣ ሕመሙ ከቁስሉ መጠን በላይ ከበረታ ወይም ቆዳው ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ሥጋን የሚገድለው ብርቱ ሕመም በሰዓታት ውስጥ ይስፋፋልና፣ መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም፤ የሞተውን ሥጋ የሚያነሣ የቀዶ ጥገና ሐኪም ይሻል። ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።