አጥቂው ደክሟል ወይስ ዕድል ከድቶታል?

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ለማየት በገራዶ ሻይ ቤቶች ከሚሰበሰቡት ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ ሁለት ጨዋታዎችን በአንድ ጊዜ ይከታተላሉ። አንዱ በቴሌቪዥን የሚታየው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በእጅ ስልካቸው የያዙት ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ተሳታፊው በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ምናባዊ ገንዘብ 15 ተጫዋቾችን ይመርጣል፤ እነርሱ በእውነተኛው ሜዳ የሚሠሩት ሥራ ለእርሱ ነጥብ ይሆንለታል። ከተፈቀደው በላይ ለሚያደርገው ለእያንዳንዱ ቅያሬ ግን 4 ነጥብ ይቀነስበታል። ይህን ቅጣት እወደዋለሁ፤ ውሳኔ ዋጋ እንዳለው ያስተምራልና።

«ዶክተር፣ አጥቂዬ አራት ጨዋታ ሙሉ ግብ አላስቆጠረም፤ ልሽጠው?» ይሉኛል ተማሪዎቼ። እስቲ እናስላ። አጥቂው በአማካይ በሁለት ጨዋታ አንድ ግብ የሚያስቆጥር ጎበዝ ነው እንበል። በአራት ጨዋታ 2 ግቦች ይጠበቁበታል ማለት ነው። በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በፖይሰን ስም በሚጠራው ቀመር መሠረት፣ በአራቱም ጨዋታ ባዶ እጁን የመውጣት ዕድሉ 1 ለ2.718 ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 13.5 በመቶ ያህል ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሦስት አጥቂዎች ያሉት ተሳታፊ ደግሞ ቢያንስ አንዱ እንዲህ «ሲደርቅ» የማየት ዕድሉ 35 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የአራት ጨዋታ ዝምታ ብቻውን የድካም ማስረጃ አይሆንም።

ይህ ነገር ለፊዚክስ ሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ራዘርፎርድና ጋይገር ከፖሎኒየም የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶችን በ7.5 ሰከንድ እየከፋፈሉ የቆጠሩበትን ውጤት አሳትመው ነበር። አማካዩ 3.87 ቅንጣት ነበር። ሆኖም ከ2,608 ክፍልፋዮች ውስጥ በ57ቱ አንድም ቅንጣት አልታየም፤ ቀመሩም 54 ያህል እንደሚሆኑ ይተነብያል። በእነዚያ ሰከንዶች ፖሎኒየሙ አልደከመም። ዝምታው የዘፈቀደ ክስተት ባሕርይ ነበር እንጂ።

እንግዲያው ዘላለም እንታገሥ ማለቴ ነውን? አይደለም። ዝምታው እስከ 10 ጨዋታ ቢዘልቅ ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ያለበት የመጀመሪያው ግምታችን ነው። ከዚያ በፊት ለመቀየር ግን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። አንደኛ፣ ከውጤቱ ጀርባ ያለው ምክንያት ተለውጧልን? ተጫዋቹ ተጎድቷልን? ወደ ተጠባባቂ ወንበር ወርዷልን? ወደ ግብ የሚሞክራቸው ኳሶች ቀንሰዋልን? ሁለተኛ፣ ቅያሬው ዋጋውን ይመልሳልን? ተተኪው በየሳምንቱ በ1 ነጥብ ቢበልጥ፣ የ4 ነጥቡን ቅጣት ለመመለስ ብቻ አራት ሳምንት ይፈጃል።

ይህን ጥበብ የወሎ ገበሬ ያውቀዋል። ማሽላው አንድ ሳምንት ዝናብ ስላጣ አይገለብጠውም። ዝናቡ እጅግ ዘግይቶ ለማሽላ የሚበቃ ጊዜ እንደማይቀር ሲረዳ ግን ሳያመነታ ማሳውን ለጤፍ ያዘጋጃል። እርሱን የሚያስወስነው የምክንያቱ መለወጥ ነው።

እኔ ግን ይህን እያወቅሁ ስቻለሁ። ማስተማር በጀመርሁባቸው ዓመታት አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ሲያመጣ፣ «ፊዚክስ ላንተ አይሆንም» ብዬ ሌላ ትምህርት ክፍል እንዲመርጥ መከርሁት፤ እርሱም ሄደ። ፈተናው አምስት ጥያቄዎች ብቻ ነበሩት። በቤተ ሙከራ በአምስት ልኬት ድምዳሜ ላይ የደረሰ ተማሪ ቢያጋጥመኝ ሥራውን እንደገና እንዲሠራ አዝዘው ነበር። አጥንቶ እንደሆነ፣ ታምሞ እንደሆነ፣ የከበደው ፊዚክሱ ይሁን የእንግሊዝኛው ቋንቋ አልጠየቅሁትም።

በፋንታሲ የሸጥነው አጥቂ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ግብ ሲያስቆጥር እናያለን፤ እየተቆጨንም እንማራለን። በሕይወት ግን ያሰናበትነው ሰው፣ ወይም እኛው ራሳችን የተውነው ትምህርት፣ ቢቆይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር የሚያሳየን ሠንጠረዥ የለም። ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ በአንድ ፈተና ውጤት ራሳችሁን ከቡድኑ ከማስወጣታችሁ በፊት በቂ ጨዋታ አድርጋችሁ እንደሆነ ቁጠሩ። እኛም መምህራን እንደዚሁ እንቁጠር።