የአያቶቻችን ስም መደርደሪያ ላይ ሳይበሰብስ

«አያትህ የየት ሰው ናቸው?» ስንባል መርሳ፣ ሀብሩ ወይም ወልድያ ብለን እናቆማለን። ማስረጃ ብንጠየቅ የብዙዎቻችን እጅ ባዶ ነው። በእኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለ፣ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ቀበሌው ጭምር ካልታወቀ መዝገብ ቢገለጥም ሰው አይገኝም።

መዝገቡስ የትኛው ነው? የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ የገጠር ሰው የሚገኘው ወረቀት በአብዛኛው የመሬት ነው፦ የጃንሆይ ዘመን የግብር ደረሰኝ፣ ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበር መዝገብ፣ ቀጥሎም የመሬት ይዞታ ደብተር። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶ ይይዛል። ብዙ የገጠር እናቶች ባለይዞታ ተብለው የተጻፉት መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ያለው በቤተሰብ ሣጥንና በወረዳ መደርደሪያ ላይ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያምስ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ሰነድም ጠፍቷል።

ጉዳዩ ቅንጦት አይደለም። በ77ቱ ድርቅ ከወሎ ብዙ ሕዝብ በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና መተከል ተወስዷል። ዛሬ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ የልጅ ልጅ፣ አያቱ ከስሪንቃ ወይም ከውርጌሳ መነሣታቸውን በምን ያሳይ? በሽማግሌ ምስክር እንዳይባል ሽማግሌዎቹ እያለፉ ነው።

መዝገብ ልይ ያለ ሁሉ መሬት ሊከስ የመጣ ይመስላል። በርስት ዘመን ትውልድ መቁጠር መሬት መጠየቂያ ስለነበር ጥርጣሬው ከሰማይ አልወረደም። «ዘር ቆጠራ ነው» የሚልም አለ። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። የወሎን ሐረግ ወደ ኋላ የቆጠረ ሰው ብዙ ጊዜ መሐመድንና ገብሬን አንድ ቤት ውስጥ ያገኛቸዋል። ጥላቻ ለሚሰብክ ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

ስለዚህ ዞኑ አሮጌ መዝገቦችን በስልክም ቢሆን ፎቶ ያስነሣ፤ ቅጂውንም ከዞኑ ውጭ ያስቀምጥ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለዚህ ቢያሰማራ ሥራው ይቀላል። ቤተሰብ የአያቱን ስም የሚያይበት ግልጽ አሠራር ይኑር፤ የመሬት ክርክሩን ፍርድ ቤት ይየው።

እኛም መንግሥትን ብቻ አንጠብቅ። ዛሬ ማታ አገር ቤት ደውሉ። የአያትን ስም እስከ ቅድመ አያት፣ ቀበሌውንና ጎጡን ጠይቃችሁ ጻፉ። ሣጥን ውስጥ ደረሰኝ ካለ ፎቶው ይላክላችሁ።